ጋሽ መቀስ እና የግዙፉ ሰው ቀኝ ትከሻ

ውሻና ገጣሚ የሌለው ሰፈር እስካሁን አላየሁም። ውሻው የሚጮኸው ሌባ ሲያይ ነው፤ ገጣሚው ግን ሰው ባየ ቁጥር ነው።

ስለ ፍቅር የሚገጥመውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ትዳር ሲይዝ ይተወዋል። እኔ የምላችሁ ያንን የድሮ አፈ ታሪክ እያነሳ፣ ቤት እያስመታ፣ ሰው ካላሳቀበት እህል የማይበላለትን ነው። ግዙፉ ሰው፣ የምንጩ ዘንዶ፣ ወንዝ የተካፈሉት ወንድማማቾች፣ ብቻ አያቶቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩንን ሁሉ ወስዶ ሱሪ አልብሶ ይመልስልናል። አናውቀውም እንዳትሉኝ። ወይ አጎታችሁ ነው፣ ወይ የመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፣ ወይ ደግሞ፣ ፈጣሪ ይሁናችሁ፣ ጎረቤታችሁ ነው።

የእኛው ልብስ ሰፊ ናቸው። ስማቸውን መታወቂያቸው ላይ ካልሆነ የሚያስታውሰው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ መቀስ» ነው የሚላቸው። እኔ በበኩሌ ማዕረጋቸውን ጠብቄ «ክቡር የአፈ ታሪክ ሚኒስትር» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ሲሰሙኝ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሹመቱን ይቀበላሉ።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤታቸው በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንዱ ይሰፋል፣ ሌላው ካውያ ይሸከማል። መስታወቱ አንገት ላይ ስለተሰነጠቀ ልብስ የሚለካ ሁሉ ራሱ ከትከሻው ትንሽ ሸሽቶ ይታየዋል። ጥግ ላይ የልብስ ልክ የሚያወጡበት ቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ ቆሟል። መከራው የሚጀምረው ከዚህ ወረቀት ነው። ጋሽ መቀስ ግጥም ሲመጣላቸው እዚያው ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ከዚያ መጻፋቸውን ይረሱና የሰው እጅጌ ይቆርጡበታል። ስለዚህ የክቡርነታቸው ድርሰት በሙሉ የሰው ገላ ቅርጽ አለው። የወንድማማቾቹ ታሪክ ጉልበት ላይ ይጀምርና ቁርጭምጭሚት ላይ ያልቃል። የዘንዶው ግማሽ በእኔ ሱሪ ልክ ላይ ነው፤ ቀሪውን የፈለገ የመድኃኒት ቤቱን ሴትዮ ጋዋን ልክ ማፈላለግ አለበት።

አድማጭ አጥተው አያውቁም፤ ምክንያቱም አድማጫቸው መሸሽ አይችልም። ሰውየውን መሃል ያቆሙታል፤ ብብቱ ሥር አራት ስፒል፣ ወገቡ ላይ ስድስት ስፒል ይሰኩበታል፤ ከዚያ ይጀምራሉ። ቢንቀሳቀስ ይወጋል። ቢስቅ ይብሳል። እሳቸው ደግሞ ሦስት ስፒል በከንፈራቸው ይዘው አንድ ፊደል ሳይስቱ መግጠም ይችላሉ፤ ይህን ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም።

ግጥማቸው ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ አለ። ለምሳሌ ምንጭ የሚጠብቀው ዘንዶ በአያቶቻችን አፍ እሳት ይተፋ ነበር። በጋሽ መቀስ እጅ ገብቶ የሆነውን ስሙ፦

ዘንዶው በምንጩ አፍ ተጠቅልሎ ውሎ፣
ቆጣሪ ያነባል መነጽሩን ሰቅሎ።

የሰፈራችን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ መነጽር ያደርጋል። ግጥሙን በሰማ ማግስት ሰላምታ ነሳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በጫማ ጠጋኙ በኩል እየዞረ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ኮት ለማስጠበብ መጣና፣ ሌላ ደንበኛ አለመኖሩን ግራና ቀኝ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ያ ዘንዶ ግን ሁለት መስመር ብቻ አላነሰም?» አላቸው።

አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ መምህር ተሳስቶ ክፍል ውስጥ ጋበዛቸው። በወሩ ፈተና ሰጠ። «ግዙፉ ሰው ለምን ዘገየ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ከአርባ ተማሪ ሠላሳ አንዱ «ሱሪው ስላልደረሰለት» ብለው መለሱ። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አልነበረም፦

ጀግናው ሊነሳ ሲል ሱሪው አልደረሰ፣
ሰፊው ጉንፋን ይዞት ቀኑ ገሰገሰ።

መምህሩ የፈተና ወረቀቱን ታቅፎ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የማስተምረው የቁም ነገር ታሪክ ነው!»

«እኔም የምሰፋው የቁም ነገር ሱሪ ነው» አሉት፣ ከመኪናው ቀና ሳይሉ። ቀጥለውም ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን አባባላቸውን አመጡ፦ «ቤት እስከመታ ድረስ እውነት ነው!»

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። እኔ በሙያዬ አራሚ ነኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ ብዕር ይዤ የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬያለሁ። የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለ ጽሑፍ ሳይቀር አርማለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ተለጥፎ ያየሁት ማስታወቂያ ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከኝ ይውላል። እንዲህ ላለ ሰው ጋሽ መቀስን ጎረቤት አድርጎ መስጠት ምን የሚሉት ፈተና ነው? አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ የስህተቶቻቸውን ዝርዝር በሁለት ገጽ አዘጋጅቼ ወሰድኩላቸው። በጥሞና አነበቡት። አገላብጠው በጣታቸው ዳሰሱት። «ወረቀቱ ጥሩ ነው» አሉና የደረት ኪስ ልክ ቆረጡበት።

የእኔ ንዴት ግን ከእናቴ ንዴት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። እናቴ አፈ ታሪክ ሲነካባት አትወድም፤ በተለይ የግዙፉ ሰው ታሪክ ሲነካባት። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ከከተማችን በላይ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ቤት የሚያህል አለት ጉብ ብሏል። ድሮ አንድ ግዙፍ ሰው ልጅ ወዶ ሽማግሌ ይልካል፤ የልጅቱ አባት «ፀሐይ ሳትወጣ ያንን አለት ከወንዝ ማዶ አምጥቶ ደጄ ካስቀመጠ እሰጠዋለሁ» ይላል። ግዙፉ ሰው ደግሞ የታመመች እናት አለችው፤ ብቻዋን ትቷት አይሄድም። ስለዚህ እሷን በቀኝ ትከሻው፣ አለቱን በግራ ትከሻው አድርጎ ዳገቱን ይጀምራል። መንገድ ላይ እናቲቱ «ውሃ ጠማኝ» ትላለች። አለቱን አስቀምጦ ውሃ ሊቀዳላት ይወርዳል። እሷ ጠጥታ ሳትጨርስ ፀሐይ ትወጣለች። ልጅቱ ቀረች፤ አለቱም እዚያው ቀረ። እናቴ ይህን ለእኔና ለእህቴ መቶ ጊዜ ነግራናለች፤ የአለቱ ጎን ላይ ያለችውን ጎድጓዳ እያሳየችም «ይኸው የግራ ትከሻው» ትለን ነበር።

ጋሽ መቀስ ታዲያ አለቱን በቀኝ ያደርጉታል። ስንት ዓመት! እናቴ በረንዳ ላይ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ በግራው ነው!» ትላለች፤ እሳቸው ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቃቸው በር ላይ፣ «እትዬ፣ በግራ ቤት አልመታ አለኝ እኮ!» ይላሉ። «ካልመታ ተወው!» «ብተወው ሱሪ ብቻ ሊቀረኝ ነው!» እንዲህ ሲባባሉ አባቴ በመሃል በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ለማንም አይፈርድም። ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ይስቅና ጋዜጣውን ያነሳል።

ከዚያ አባቴ ሞተ።

እናቴ ንግግር አቆመች። አኩርፋ አይደለም፤ ቃሉ ከውስጧ የጠፋ ነው የሚመስለው። ትበላለህ ወይ ለማለት ሳህኑን ታሳየኛለች፤ እምቢ ለማለት ራሷን ትነቀንቃለች። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ጉሮሮዋን አየ፣ ጆሮዋን አየ፣ ጭንቅላቷን ራጅ አስነሳ፤ «ምንም የላቸውም፤ ታገሱ» አለን። እህቴ ከሩቅ መጥታ ሦስት ሳምንት ተቀመጠች፤ የራሷንም የእናቴንም ድርሻ ስታወራ ሰንብታ ድምጿ ዘግቶ ሄደች። እኔ ቤቴን ዘግቼ እናቴ ዘንድ ገባሁ። ቀን በቃላት ተከብቤ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ አንዲት ቃል የለም። አራት ወር እንዲህ አለፈ። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። ሰው ዝም ካለ ወዲያ የት እንደሚሄድ አላውቅማ።

በዚያ ላይ ከሳች። ቀሚሶቿ በሙሉ ሰፏት። አንዷን ግራጫ ቀሚሷን ይዤ ጋሽ መቀስ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቺን ጠበብ ያድርጉልኝ።»

ቀሚሷን ተቀብለው ስፌቷን በጣታቸው ዳሰሱ።  ከዚያ፣ «ልብስ በአካል ካልተለካ አይሆንም፤ ነገ እመጣለሁ» አሉኝ።

መጡ። ለኩ፣ ስፒል ሰኩ፣ ስለ ግዙፉ ሰው ገጠሙ፣ ሄዱ። ቀሚሷን ሲያመጧት ከመጥበቧ የተነሳ እናቴ እጇን ማንሳት አቃታት። «ይቅርታ፣ ልኩን ስቻለሁ» ብለው መልሰው ለኩ። በሚቀጥለው ጊዜ ከበፊቱ ሰፍታ መጣች። ቀጥሎ አንዱ እጅጌ ከሌላው በሁለት ጣት አጠረ። ከዚያ ኮሌታው ዞረ። አርባ ዓመት ሙሉ የከተማውን ሰው ያለበሱ ሰው አንዲት ቀሚስ አሸነፈቻቸው! አረጁ ብዬ አዘንኩ። ግን በመጡ ቁጥር ያ ግጥም አለ፤ በመጡ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። አንድ ቀን ግዙፉ ሰው አለቱን በራሱ ተሸከመ። አንድ ቀን በጋሪ ጫነው። አንድ ቀን ጭራሽ የጭነት መኪና ተከራይቶ አስጫነው። እናቴ ግድግዳውን ታያለች።

«ጋሼ፣ እባክዎ» አልኳቸው አንድ ቀን በሩ ላይ ይዣቸው። «ቀሚሷም ትቅር። ያን ታሪክ እንዴት እንደምትወደው እያወቁ…»

«ልኩን እየፈለግኩ ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ከዚህ በኋላ እንዳይመጡ ለመንገር ወስኜ ነበር። ሳልነግራቸው የቀረሁት አሥራ ሁለተኛው ልኬት ላይ በሆነው ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች፤ ጋሽ መቀስ ተንበርክከው የቀሚሷን ጫፍ ዙሪያውን ስፒል ይሰካሉ፤ ሦስት ስፒል ከንፈራቸው ላይ አለ። እኔ በሩን ተደግፌ ንግግሬን በልቤ አዘጋጃለሁ። እሳቸው ቀጠሉ፦

አለቱን አንስቶ ጫነው በቀኝ ቀኙ፣
እናቱን ረስቷት ጎረቤት አገኙ።

ደሜ ፈላ። እናቱን ረሳ? ለዚህች ሴት? አፌን ልከፍት ስል አንድ ድምፅ ቀደመኝ። ሻካራና ቀጭን ድምፅ ነበር፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

«በግራው ነው።»

ጋሽ መቀስ ቀና አላሉም። አንድ ስፒል ሰኩ።

«እትዬ፣ በግራ እኮ ቤት አልመታ አለኝ።»

«አንተን ይምታህ!» አለች እናቴ። «ምን ቆርጦህ ነው እናቱን ረሳ የምትለው? ኧረ እንዴት አፍህ ቻለ! በቀኙማ እሷን ይዟታል! እሷ ውሃ ጠማኝ ብትለው አይደል እንዴ አለቱን ጥሎ የወረደው? እናቱን የረሳ ሰው ለምን ዳገት ወገብ ላይ ይቆማል? ሂድና እየው፣ ጎድጓዳው በግራ በኩል ነው! ዓይን የለህም? ቀሚሴንም አበላሽተህ ታሪኩንም አበላሽተህ! ይሄ እጅጌ ነው? ይሄ ለሰው እጅ ነው የተሰፋው? አሥራ ሁለት ጊዜ! ባሌ ቢኖር…»

ቆመች።  አሁን ወደ ዝምታዋ ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ።

«ባሌ ቢኖር ይስቅብህ ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ምን ትገተራለህ? ጉሮሮዬ ደረቀ እኮ። ውሃ ስጠኝ እንጂ!»

ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ። ብርጭቆው ሞልቶ በእጄ ላይ እየፈሰሰ አለቀስኩ። ከሳሎን የእናቴ ድምፅ ይሰማል፤ አሁን ስለ ዘንዶው ጀምራለች፤ ዘንዶ ቆጣሪ አያነብም ትላለች። ጋሽ መቀስ በየመሃሉ «እውነትዎን ነው እትዬ፣ ግን ቤት መታ እኮ» ይላሉ።

በማግስቱ ቀሚሷ መጣች። እጅጌው እጅጌ ነው፣ ኮሌታው ኮሌታ ነው፣ ልክ ልኳን። አንዲት ክር አልወጣችባትም። የተጠቀለለችበት ቡናማ ወረቀት የእጅጌ ልክ ነበር፤ ልጥለው ስል እርሳስ አየሁበት። አራሚ ነኝና የተጻፈ ነገር ሳላነብ አልጥልም። እንዲህ ይላል፦

እናቱን በቀኙ፣ አለቱን በግራ፣
ተሸክሞ ወጣ ያን ሁሉ ተራራ።

ስንኙ በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል። ወረቀቱ አሮጌ ነው፤ ጠርዙ ረግፏል። የእጅጌውን ልክ ሳየው የእናቴ አይደለም። ሰፊ ነው፣ የወንድ ነው። ጥግ ላይ በጠመኔ የአባቴ ስም ተጽፏል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፊደል የቆጠርኩ ሰው፣ ግራ ከተራራ ጋር ቤት እንደሚመታ አንድም ቀን አላሰብኩም! ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ቤት አልመታ አለኝ» ሲሉን እሺ ብሎ ተቀብሎ ኖሯል።

ወረቀቱን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። መኪናቸውን ይረግጣሉ።

«ጋሼ፣ ግራ ከተራራ ጋር ቤት ይመታል እኮ።»

«ይመታል እንዴ?» አሉ።

«እዚህ ላይ በእጅዎ ጽፈውታል።»

መኪናውን አቆሙ። ወረቀቱን ተቀብለው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው አስተካከሉ። «የአባትህ ኮት ነው ይሄ» አሉ። «እናትህ ስትቆጣኝ እሱ ሲስቅ ታስታውሳለህ? መጀመሪያ ጊዜ የሳቀ ዕለት ትክክለኛውን ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲያ ምን ያደርግልኛል?» ቀጥለው ወረቀቱን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና፣ «በል ሂድ፣ ሥራ አታስፈታኝ፤ የመምህሩ ሱሪ አልደረሰም» አሉኝ። እውነትም አልደረሰም ነበር።

ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የጋሽ መቀስን ግጥሞች በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሊያሳትም ተነሳ። ከየቤቱ ቁምሣጥን የእጅጌ፣ የጉልበት፣ የኮሌታ ወረቀት ተሰበሰበ፤ ዘንዶው ከጋዋኑ ጋር ተገናኘ። ሥራው የመጣው እኛ ማተሚያ ቤት ነው፤ አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦት «ይሄን በደንብ እየው፣ የሰፈርህ ሰው ነው» አለኝ።

በደንብ አየሁት። የፊደል ግድፈቱን አረምኩ፣ ነጠላ ሰረዙን አስተካከልኩ። ገጽ ሰባት ላይ ደረስኩ። *አለቱን አንስቶ ጫነው በቀኝ ቀኙ።* ቀይ ብዕሬን ከፈትኩ። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና ከታች «ታርሟል፤ ይታተም» ብዬ ፈረምኩ። ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ስፈርም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

መጽሐፏ ስትወጣ የመጀመሪያዋን ለእናቴ አመጣሁላት። ግራጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። እኔ የአባቴን በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከመንገዱ ማዶ ጋሽ መቀስ የሱቃቸው በር ላይ ቆመው ያልተበላሸ ካውያ ይጠግናሉ። እናቴ አንድ ገጽ ገለጠች፣ ሁለት ገለጠች። ሰባት ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ይሄን ማነው ያረመው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አንተ? አታፍርም? ለዚህ ነው ያስተማርንህ? ኧረ ጉድ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ ወዲህ፣ በመጽሐፍም አወጣኸው?»

ጋሽ መቀስ ካውያውን አስቀምጠው መንገዱን መሻገር ጀመሩ። እኔ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ቀጥዪ እማዬ» አልኳት። «ገጽ አሥራ ሁለት ላይ የባሰ አለ።»